በካፖርቴ ምክንያት ከእናቴ ልብ ስለተሰረዝኩ

ለተከበሩ የጥላ የለሾች ማኅበር ሊቀመንበር፣
በሰፈሩ ሰው ዘንድ ደግሞ የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት ለሆኑት፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤንነትን፣ ለማኅበርተኞችዎም ጥላ የማይጠየቅበት ደመናማ ቀን እመኛለሁ። እኔ ከመድኃኒት ቤትዎ ትይዩ ባለው ሕንጻ ምድር ቤት ከእናቴ ጋር ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። ዐይንዎን ከባንኮኒው ሳያነሱ «እናትሽ እንዴት ናቸው?» እያሉ ጉንፋኗን ለዓመታት ሲከታተሉ ኖረዋልና፣ አሁን የደረሰችበትን ብነግርዎ ቅር እንደማይልዎ አምናለሁ። ምስጋናዬንና ጥቃቅን ቅሬታዎቼን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ ሁለት ሰዎችዎ ከባላንጣዎችዎ ከግድግዳ አላፊዎች ወገን የሆነውን ጸጉር ቆራጭ በሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ላይ ሲደበድቡት፣ እሱም እስከ ወገቡ ግድግዳው ውስጥ ገብቶ እግሩን ሲያንፈራግጥ ያየሁት እኔ ነኝ። ቀዩን ካፖርቴን ለብሼ የወጣሁት ያሳጠርኩትን ሱሪ ለባለቤቱ ላደርስ እንጂ የማንንም ምሥጢር ፍለጋ አልነበረም።

፪. ምሥጢራችሁን ያየ ሰው ትውስታው እንዲሰረዝ ደንባችሁ ያዛል አሉ። የሰው ፊት ማየት ደግሞ በእናንተ ዘንድ ነውር ስለሆነ ሰውን የምትለዩት በልብሱ ነው። (ይህን ሁሉ የነገረኝ ያው ጸጉር ቆራጭ ነው፤ ከግድግዳው ሲወጣ ምላሱም አብሮ ወጥቷል።) እኔ ግን ከደረጃው ከወረድኩ በኋላ እናቴን ስለበረዳት ያንኑ ቀይ ካፖርቴን ደርቤላት ክር ልገዛ ወጥቼ ነበር። የተከበሩት ሰዎችዎም መሬት መሬት እያዩ ገብተው ካፖርቱን አገኙት። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይኸው ነው።

፫. በትጋት ግን አይታሙም። እናቴ ምንም አላየችምና የሚሰርዙት አጡ፤ ባዶ እጃቸውን መመለስ ስላልወደዱ በልቧ ውስጥ ፊት ለፊት ያገኙትን ወሰዱ። ያገኙት እኔን ነው። ክሬን ይዤ ስመለስ እናቴ ከወንበሯ ተነስታ «ይግቡ፣ ምን ልስፋልዎት?» አለችኝ።

፬. እጇን ስላልነካችሁባት ከልብ አመሰግናለሁ። ዛሬም መርፌ ትሰካለች፣ ቁልፍ ትተክላለች። ትናንት የሰፋሁትን እጅጌ ገልብጣ አየችና ማን እንዳስተማረኝ በአክብሮት ጠየቀችኝ። እጄን ይዛ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ክቡር ሆይ፣ እጠላዎታለሁ። ጨዋ ቃል ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም።

የወሰዳችሁት ትውስታ ከሳል መድኃኒቱ ጀርባ በቡናማ ጠርሙስ እንደተቀመጠ ከዚያው ጸጉር ቆራጭ ሰምቻለሁ። በአንድ ሳምንት ውስጥ ለባለቤቷ ይመለስ። እስከዚያው ይህ ደብዳቤ በየፎቁ በር ላይ ተለጥፏል። አንባቢውን ሁሉ ልሰርዝ ካሉ የሰፈሩን ልብስ ሁሉ ማጥናት ይጠበቅብዎታል፤ ሰፊዋ እኔ ስለሆንኩ ያልገባዎት ነገር ካለ በሬ ክፍት ነው።

ማየት በማይፈቀድልዎ ፊቴ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳዎት፣
እስከ ማክሰኞ የእናቷ ልጅ፣ ከማክሰኞ ወዲህ የእናቷ ደንበኛ፣
የምድር ቤቷ ልብስ ሰፊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ከመለጠፌ በፊት ለእናቴ አነበብኩላት። የሌላ ሰው ታሪክ መስሏት አለቀሰች፤ «ምነው፣ ይህቺ ልጅ ምስክር የሚሆናት ዘመድ የላትም?» አለችና ራሷ ከታች ፈረመችልኝ። አንድ ምስክር ልታጠፉ መጥታችሁ ሁለት አድርጋችሁን ሄዳችኋል።