ምናለሽ ተራ የተገኘው የአባዬ ፋኖስ

ለምወድዎና ለማከብርዎ አባቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ፣ ደረጃውን ያለ ሰው ድጋፍ መውጣት ጀመሩ ወይስ አሁንም ግድግዳ ይዘው ነው? እማዬ የደም ግፊቷን ክኒን በሰዓቱ ትውጣለች ወይስ እንደ ልማዷ “ተሻለኝ” ብላ ትታዋለች? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆታችሁ በቀር ሰውነቴ ደህና ነው። ሆዴ ግን ደህና አይደለም።

ይህን በስልክ ያልነገርኩዎ ጆሮዎ ስለማይሰማልኝ ብቻ አይደለም፤ ፈርቼ ነው። እህቴ ወርቅዬ፣ ስታነቢላቸው እንዳይከፋቸው ብለሽ አንድም መስመር እንዳታልፊ።

አምና ስለገባሁበት የድሮ ባቡር ሙዚየም የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ነግሬዎ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሃያ ያህል ሆነን ዝገት እንፍቃለን፣ ቀለም እንቀባለን። እኔም መሳለሚያ የመኪና ወንበር የማለብስበትን ሙያ ይዤ የአንደኛ ማዕረግ ፉርጎውን ወንበሮች አንድ በአንድ እያለበስኩ ነው። አጠገቤ እትዬ ቦሰና አሉ፤ ድሮ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። በሰባ ዓመታቸው የነሐስ እጀታ በሎሚና በአመድ ሲወለውሉ ቢያዩዋቸው ደስ ይልዎታል። ሊቀ መንበራችን ደግሞ ጋሼ ሀብተ ወልድ ነበሩ። እርስዎ ሠላሳ አንድ ዓመት ከባቡሩ ጭራ ላይ ያወዛወዙትን ፋኖስ ለሙዚየሙ ሳስረክብ በሁለት እጃቸው ተቀብለው፣ ግንባራቸውን አስነክተው፣ “ይህ አደራ ነው” ሲሉ እንባዬ መጥቶ ነበር። ከዚህ በኋላ ግን አንቱ አልለውም፤ ይቅር ይበሉኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት ለወንበሮቹ የሚሆን አሮጌ ሞላ ፍለጋ ምናለሽ ተራ ወረድኩ። እዚያ አዩብ የሚባል ቁራጭ ብረት ነጋዴ ደንበኛ አለኝ። ሱቁ ደጃፍ ላይ፣ በመዳብ ሽቦ ክምር መሃል፣ አንድ ፋኖስ ተጋድሟል። መስታወቱ የለም፤ እጀታው በመጋዝ ተቆርጧል። አንስቼ ገለበጥኩት። ከሥሩ በምስማር የጫሩት የሥራ ቁጥርዎ አለ።

ማን እንዳመጣው ብጠይቀው አዩብ ሳይደብቅ፣ “ሀብተ ወልድ የሚባል ሽማግሌ ነው። በየአሥራ አምስት ቀኑ ይመጣል፤ ሙዚየሙ የጣለው ነው ይለኛል” አለኝ። የአባቴ ነው ስለው ፊቱ ተለዋወጠ። “ወላሂ አላወቅሁም! ውሰጂው፤ ሐራም ነገር እኔ ሱቅ አያድርም” ብሎ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። እሑድ ደግሞ ሥራውን ትቶ አብሮኝ መጣ።

ሁሉም ባለበት ፋኖሱን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ሰውየው ይደነግጣል፣ ቢያንስ ያፍራል ብዬ ነበር። ሳቀ! “የተሰበረውን ነው ያስወገድኩት፤ ሙዚየም የቆሻሻ መጣያ አይደለም” አለ። አዩብም “ጋሼ፣ እኔ ጋ ሲመጣ መስታወቱም ደህና ነበር፤ የተሰበረው እኔ ሱቅ ነው። እጀታው ብቻ ነበር የተቆረጠው” አለው። እጀታው ላይ የሙዚየሙ ምልክት ተቀርጾበት እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

ይህ አይደለም ያንገፈገፈኝ። ሌባ ሌባ ነው። ያንገፈገፉኝ የቀሩት ናቸው። ከማኅበርተኞቹ ሦስቱ ለካ ቀድመው ያውቁ ነበር፤ ራሳቸው አመኑ! አንዱ “ነገሩን እዚሁ እንቅበረው፣ የማኅበራችን ስም ይጎድፋል” አለ። ሌላዋ “ደግሞ ለአንድ ፋኖስ!” አለች። ወዲያው ምሳ ቀረበ፤ እርቅ መሆኑ ነው። ሀብተ ወልድ ትልቅ ጉርሻ ጠቅልሎ “ልጄ፣ አትቀየሚ” እያለ አፌ ድረስ አመጣው። ሰው ሁሉ ያየኛል። አፈርኩ፣ አባዬ። ጎረስኩለት። ይህን ለእርስዎ ከመጻፍ ጣቴ ቢቆረጥ ይሻለኝ ነበር። ከጉሮሮዬ ሳይወርድ ከፉርጎው ጀርባ ሮጬ አስመለስኩት። እስከ ዛሬ ጣቶቹ ከንፈሬ ላይ ያሉ ይመስለኛል፤ በሳሙና ባሸው አይለቅም።

ስመለስ እትዬ ቦሰና ለምሳው እጃቸውን አልታጠቡም፤ ቆመዋል። “የመጋዘኑን ቁልፍ” አሉት፣ መዳፋቸውን ዘርግተው። ሊቀልድ ሞከረ። “ቁልፉን፣ አቶ ሀብተ ወልድ!” ሁለተኛ ሲሉት ሰጣቸው።

በማግስቱ አዩብን ምስክር ይዘን ለሙዚየሙ ኃላፊዎች አመለከትን። መጋዘኑ ሲቆጠር ሃያ ሁለት ዕቃ የለም፤ ፊሽካ፣ የግድግዳ ሰዓት፣ ያልወሰደው የለም። ሰውየው ታግዶ ጉዳዩ ፖሊስ ጋ ነው። ማኅበሩም ከሃያ ወደ አምስት ወረደ። ከወጡት አንዳንዶቹ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ የሰረቅሁት እኔ ይመስል።

ፋኖሱ እኔ ቤት ነው። አዩብ እጀታውን በነጻ ልበይድልሽ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ወደ ድሬዳዋ ይምጣ ካሉ እልከዋለሁ፤ ወደ ሙዚየሙ ይመለስ ካሉም እመልሰዋለሁ። ግን እንደተቆረጠ ነው የማስቀምጠው። የሚያየው ሁሉ ማን ቆረጠው ብሎ ይጠይቅ።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ወርቅዬ፣ ስላነበብሽ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፤ ልጅሽን ሎዛዬን ጉንጯን ሳሚልኝ፣ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እየሰፋሁ ነው። ጎረቤታችን ጋሼ ዘመንፈስቅዱስን እጅ ነሥታለች በሉልኝ። እሳቸውም የባቡር ፊሽካቸውን ለሙዚየሙ ሊልኩ አስበው ነበር። ለጊዜው ከኪሳቸው እንዳያወጡት ንገሩልኝ።

ልጅዎ መቅደላዊት
መሳለሚያ፣ አዲስ ከተማ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.