ነቀዝ ያልነው ነቀዝ አይደለም

ለእህቴ ለሎሚ፤

አካም ጅርታ? የሰመራ ሙቀት እንዴት ያደርግሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? በሆስፒታሉ ሥራው ቀለል አለልሽ? እኛ ደህና ነን። እኔ ግን ምግብ አልወርድ ብሎኝ ሰንብቻለሁ፤ ምክንያቱን እነግርሻለሁ።

አክስታችን አዳዳ ወሰኔ ከኑኑ ቁምባ የላኩትን፣ ባልሽ ፈይሳ መጋዘን የከረመውን ጀንፈል ቡና ከገና በኋላ አብረን ከፈትነው። ኬሻው ውስጥ የሚርመሰመስ ነገር ሞልቶበታል፤ ቡናማ፣ ዝንጉርጉር፣ ሲነኩት የሚፈናጠር። አንዱ ከንፈሬ ላይ አረፈ። ስተፋ ዋልኩ። ፍሬውን ብሰብረው ውስጡ ነጭ ትል፣ ዙሪያው ኩስና ሻጋታ ነው።

ፈይሳ ነቀዝ ነው፣ ከአዳዳ ማሳ የመጣ ነው አለ። ለአንቺም ይህንኑ በስልክ ነገረሽ። አንቺም አላጣራሽም፤ ለአዳዳ ደውለሽ "ነቀዝዎን ለራስዎ ያድርጉት" አልሻቸው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን አልመጡም። ሲሬ ገበያ ሚስቴን ሸዋጌጥን አይተው ፊታቸውን አዙረው አለፉ።

እኔ ጥቂቱን በብልቃጥ ይዤ የሚስቴ ወንድም በርናባስ ዘንድ ሄድኩ፤ የሰብል በሽታና ተባይ ይመረምራል። በአጉሊ መነጽሩ አይቶ ሳቀብኝ። የበቆሎ ነቀዝ ረጅም ኩምቢ አለው፤ የዚህ አፍ አጭርና ጠፍጣፋ ነው። የነቀዝ ዘመድ ቢሆንም ቤተሰቡ ሌላ ነው አለኝ። የዚያ ቤተሰብ አብዛኛው ሻጋታና የበሰበሰ እንጨት ይበላል። ይህኛው ወገን ወደ ቡና ቢዞርም እርጥበት ይወዳል። "በደንብ በደረቀ ቡና እንዲህ አይራባም። ቡናችሁን ማን ውሃ አጠጣው?" አለ።

ፈይሳን ጠየቅሁት። ሚዛን ላይ እንዲከብድለት ውሃ ሲረጭበት ከርሟል። አላፈረም። ቆልተን፣ አስፈጭተን እንሽጠው አለኝ፤ "ዱቄት ውስጥ እግሩን ማን ያያል፣ ጋሼ?" ኬሻዎቹን ጓሮ አውጥቼ አቃጠልኳቸው። አሁንም የተፈጨ ቡና ሳይ ያቅለሸልሸኛል። ከትሉ ይልቅ ግን እሱን ተጸየፍኩት፤ ባልሽ ነውና ከሌላ ሰው ከምትሰሚው ከእኔ ስሚው ብዬ ጻፍኩልሽ።

አዳዳ ዘንድ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጥፋቱ የማሳቸው እንዳልሆነ ስነግራቸው ፊታቸው አልተፈታም። "የሰደበችኝ ሎሚ ናት፤ አንተን ምን አገባህ?" አሉኝ።

ሸዋጌጥ እንደምን ነሽ ትልሻለች። ልጅሽ ኡርጂ ጉንጭሽን ትስማለች፤ ፈተናዋን አልፋለች። በርናባስም ናፍቆሻል። ፈይሳ ሰላም በልልኝ ብሏል፤ ይኸው ብያለሁ። ከአዳዳ ወሰኔ የተላከ ሰላምታ የለም።

ወንድምሽ ተረፈ
ነቀምቴ፣ ጨለለቂ
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.