መራራዋ ውሃና ቀዩ ማስታወቂያ

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ዋና ዳይሬክተር፣
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎን፣ የቤተሰብዎንና የጽሕፈት ቤትዎን ጤንነት እጠይቃለሁ፤ ይልቁንም የወገብዎን። ሰሞኑን በሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ግራ ቀኝ ሳይሉ፣ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብለው ሲራመዱ አይቼ፣ ነገሩ ከሹመት የመጣ ይሁን ከሕመም መለየት ስላቃተኝ፣ ከሁለቱም ቶሎ ይማርዎ ብዬ ተመኝቻለሁ።

እኔ ከሆስፒታልዎ በር ፊት ለፊት፣ ከወጌሻው ክፍል በአንድ ስስ የጣውላ ግድግዳ በተለየች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ሬዲዮ የምጠግን ሽማግሌ ነኝ። የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥኩም፤ ፊደል የለየሁት ከሬዲዮ ካርቶን ላይ ነው። ስለዚህ በአጻጻፌ ላይ ጉርምርምታ ቢሰሙ፣ ሞገዱን ትንሽ ወዲህ ወዲያ አድርገው እንዲያዳምጡኝ በትሕትና እለምናለሁ። ጉዳዬን በአካል ላቀርብ መጥቼ ነበር፤ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው፣ አባባ» አለችኝ። በማግስቱም ብመጣ፣ ከዚያም በኋላ ብመላለስ፣ ያው ስብሰባ አላለቀም ነበር። የምትሰበሰቡበትን ጭንቅ እግዚአብሔር ያቅልላችሁ።

ጉዳዩ አጭር ነው። ባለቤቴ የደም ግፊት አለባት። ሆስፒታልዎ ከእንግዲህ አላይሽም ብሏታል። እንዲያያት እፈልጋለሁ። የቀረው ሁሉ ምስጋና ነው፤ እሱንም እንዳይጠፋብዎ በቁጥር አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፦ በበሩ ላይ ስላሰቀሉት ማስታወቂያ አመሰግናለሁ። «ባህላዊ መድኃኒት የተጠቀመ ታካሚ አይስተናገድም» ይላል። ቀለሙ ቀይ ነው፤ ፊደሉም ወደ ድንገተኛ ክፍል ከሚያመለክተው ቀስት እጥፍ ስለሚበልጥ፣ በቃሬዛ የመጣ ሰው ወዴት መሄድ እንዳለበት ከማወቁ በፊት ለምን እንደሚመለስ ያውቃል። ይህ ጊዜ ለሌለው በሽተኛ ትልቅ ውለታ ነው። ብቻ ይህን አንብቦ ከገባ በኋላ፣ ውስጥ ሲጠየቅ እውነቱን የሚናገር ታካሚ ካጋጠማችሁ፣ አደራ፣ ጭንቅላቱን ጭምር መርምሩት።

ሁለተኛ፦ ስለ ተረኛዋ ነርስ የድምፅ ጥራት። ባለቤቴ እቃ ስታጥብ ዓለም ዞራባት ወድቃ፣ በታክሲ አፋፍሼ ባመጣኋት ዕለት፣ ነርሷ ከወረቀቷ ቀና ሳትል፣ እስከ ኮሪደሩ ጫፍ በሚሰማ ድምፅ «እማማ፣ ቤት ውስጥ መድኃኒት ያደርጋሉ?» ብላ ጠየቀቻት። ልጅቷ በቅን ልብ የጠየቀችው ስለ ቅጠላ ቅጠል ነው፤ አልፈርድባትም። ግን ክቡር ሆይ፣ በቋንቋችን የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ የሚደረግ መድኃኒትም አለ፤ መድኃኒት የምታደርግ ሴት ማለት ባሏን የምታፈዝ ማለት መሆኑን እንኳን እኔ፣ የምጠግናቸው ሬዲዮኖችም ያውቃሉ። ሰልፈኛው በሙሉ ዞሮ እኔን አየኝ። እኔ ደግሞ እንደ ክፉ አጋጣሚ በዚያች ሰዓት የእሷን ቦርሳ በክንዴ አንጠልጥዬ፣ የእሷን ጫማ በእጄ ይዤ፣ ከኋላዋ አፌን ከፍቼ ቆሜያለሁ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ከየት ይመጣል? አንዲት ሴትዮ ለጎረቤቷ «አየሽው? ሠርቶላታል» ስትል በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ባለቤቴ ማዞሯን ረስታ ከተኛችበት ብድግ አለችና «እኔ? በጭራሽ! በሕይወቴ መድኃኒት የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም!» ብላ ጮኸች። በዚህ አንድ ቃሏ ከሰፈራችን ቅጠል ሻጭ የምታመጣውን ቅጠል ብቻ ሳይሆን፣ እናንተው ራሳችሁ ያዘዛችሁላትን ክኒን ጭምር ካደች። ነርሷም እንደተነገራት ጻፈች። ስለዚህ ባለቤቴ ስሟን አትርፋ፣ ነፍሷን ለአጋጣሚ ትታ፣ ወደ ውስጥ ገባች።

ሦስተኛ፦ ስለ ምርመራው ብዛት። ደሟ ተቀዳ፤ ሽንቷ ታየ፤ ጭንቅላቷ ፎቶ ተነሣ፤ አንዱ ሐኪም ሲወጣ ሌላው ገባ። ባለቤቴ በዘመኗ ይህን ያህል ሰው አዳምጧት አያውቅም፣ በጆሮ ማዳመጫም ቢሆን። ሁሉም ግፊቷ ለምን እንዲህ እንደወረደ ግራ ገብቷቸው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ሄዱ። በመጨረሻ አንዲት ወጣት ሐኪም መጣችና፣ ወንበር ስባ አልጋው አጠገብ ተቀምጣ፣ ስለ ልጅ፣ ስለ ቤት፣ ስለ ጉልበት ሕመም ስታጫውታት ቆይታ፣ «ለመሆኑ እማማ፣ ጠዋት ከሻይ በፊት ምን ይቀምሳሉ?» አለቻት። ባለቤቴም «ምንም፤ ያቺን መራራ ውሃ ብቻ» አለች። «የምን መራራ ውሃ?» «ለግፊት የምትሆነዋን ነዋ! መድኃኒት እኮ አይደለችም፤ ቅጠል ናት።» ሐኪሟ አልተቆጣችም፤ ሳቀች እንጂ። ከዚያ ክኒኑና ቅጠሉ ሳይተዋወቁ አንዱን ግፊት በአንድ ጊዜ ወደ ታች ሲጎትቱት እንደወደቀች ረጋ ብላ አስረዳቻት። መራራዋ ውሃ ቆመች፤ ባለቤቴም በእግሯ ቆመች። መድኃኒት አለን የሚሉት ሁሉ ያልሆኑላትን፣ ሐኪሟ ስባ የተቀመጠችበት ወንበር ሆነላት።

አራተኛ፦ ይህ ቁጥር ስለ ጥበቃው ነበር። ባለቤቴ ስታነበው «እሱ ምስኪን ምን አደረገህ? ሰርዘው» ስላለችኝ ሰርዤዋለሁ። ቁጥሩን ግን አልሰርዝም።

አምስተኛ፦ ለአንድ ወገን ጥብቅና የቆምኩ እንዳይመስልዎ፣ ወደ ቅጠል ሻጯም ሄጄ እንደነበር ላስታውቅ። ሰፈሩ እትዬ ሥራሥር ይላታል። ክፍሏ ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበርና ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩ ጠርሙሶች አሉ፤ በአንዱም ላይ ስም አልተጻፈበትም። መጠኑን በምን እንደምታውቅ ብጠይቃት «እንደ ሰውየው ነው፣ ጋሼ» አለችኝ። እኔ «እንደ ሬዲዮው ነው» እያልኩ ኤሌክትሪክ ብለቅ ኖሮ ይህ ሰፈር ዛሬ አመድ ነበር፤ ይህንኑ ነገርኳት። ባለቤቴን ልትገድልብኝ እንደነበር ስነግራት ግን እሷም ተቆጣች። «የሐኪም ቤት ክኒን የሚወስድ ሰው ከደጄ እንዳይደርስ ብዬ የለም እንዴ? ባለቤትህን ጠይቄያታለሁ! በጭራሽ አለችኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። ክቡር ሆይ፣ ይህን ስሰማ እርስዎ ትዝ አሉኝ። ሁለታችሁ በአንድ መንገድ ወዲያና ወዲህ ተቀምጣችሁ፣ ሳትተያዩ፣ ቃል በቃል አንድ ሕግ አውጥታችኋል። እንዲህ የምትስማሙ ሰዎች ለምን ሰላም እንደማትባባሉ አልገባኝም። እናንተ ባለቤቴን በሁለት ቢላዋ ትበላለች ትላላችሁ፤ እኔ የማየው ግን ሁለቱም ቢላዋ ወደ እሷ መዞሩን ነው።

ስድስተኛ፦ ስለ ፍትሕዎ ፍጥነት። የግፊት መለኪያ ለመጠገን ወር የሚፈጅበት ሆስፒታል፣ የባለቤቴ ካርድ ላይ «ባህላዊ ተጠቃሚ፣ አይስተናገድም» ብሎ ለመጻፍ አንድ ከሰዓት በኋላ በቃው። ለቀጠሮዋ ስንሄድ መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ካርዱን ሳይነካው መለሰልን። ያቺ ወጣት ሐኪምም፣ ደንብ የጣሰች ታካሚ አልጋ ላይ እንዳቆየች ተነግሯት ማስጠንቀቂያ እንደተሰጣት ሰማሁ። እውነቱን ያወጣችውን ሐኪም ገሠጻችሁ፤ እውነቱን የተናገረችውን በሽተኛ አባረራችሁ። የዋሹት ሁሉ በሰላም ቀጠሯቸውን ጠብቀው ይገባሉ። እንዲህ ያለ የተስተካከለ አሠራር በሌላ መሥሪያ ቤት አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ባለቤቴ ያወጣችውን ዕቅድ ልንገርዎ። ክኒኑ ሲያልቅ ተወት አድርጋ ወደ መራራዋ ውሃ ብቻዋን ልትመለስ ነው። «እትዬ ሥራሥር ክኒኑን ከተውኩ ትቀበለኛለች፤ እነሱ ግን ቅጠሉን ተውኩ ብላቸውም አልቀበል አሉኝ። ታዲያ የት ልሂድ?» ትለኛለች። ጠዋት ጠዋት፣ ሳታየኝ፣ የክኒኑን ብልቃጥ አንሥቼ ጆሮዬ አጠገብ አንኳኳዋለሁ። የድምፅ ሰው ነኝ፤ አልቆጥረውም፤ እሰማዋለሁ። ድምፁ እየሳሳ ነው።

አሁን፣ ስለ ሕክምና ምንም ስለማላውቅ፣ ስለማውቀው ስለ ሬዲዮ አንድ ነገር እንድናገር ይፍቀዱልኝ። በመጀመሪያ ሥራ ስጀምር፣ ሬዲዮ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ «ማን ነካው?» ብዬ አፈጥበት ነበር። ሁሉም «ማንም» ይለኛል። ስከፍተው ብሎኑ ጎድሏል፣ ሽቦው በፕላስተር ታስሯል፣ አንዳንዱ ውስጥ ማንኪያ ሳይቀር ተገኝቶበታል፤ ባለቤቱ ግን «ማንም» እንዳለ ነው። በኋላ ጥያቄውን ቀየርኩት። አሁን «የመጀመሪያው ጠጋኝ ምን አለዎት?» እላለሁ። ያን ጊዜ ሰው የወንድሙን ልጅ ይናዘዝልኛል፤ ጎረቤቱን ይናዘዝልኛል፤ ድምፅ እንቢ ሲለው ራሱ በጥፊ መምታቱን ሳይቀር ይነግረኛል። እኔም እየተሳደብኩ እጠግንለታለሁ። መሳደቤን አልተውኩም፤ ሬዲዮ ይዞ የመጣን ሰው ግን ከደጄ መልሼ አላውቅም።

ስለዚህ የምለምነው ሦስት ነገር ነው። ባለቤቴ ቀጠሮዋ ይመለስላት። የሐኪሟ ማስጠንቀቂያ ይነሣላት። ማስታወቂያው ደግሞ ይውረድና፣ ቀይ ቀለሙ እንዳይባክን፣ በዚያው ሰሌዳ ላይ «ከመምጣትዎ በፊት የሞከሩትን ሁሉ ይንገሩን፤ አንቆጣም» ተብሎ ይጻፍበት። ቦታ ካነሰ የፊተኛውን አሳጥሩት፤ «አንቆጣም» የሚለው ግን እንዳይቀር። የሚጽፍ ሰው ከጠፋ እኔ መሰላል አለኝ፤ ብሩሽም አለኝ። ይህ ደብዳቤ በማስታወቂያው ጎን፣ በተመሳሳይ ሚስማር ተሰቅሎ ሲያገኙትም እንዳይገረሙ፤ ትናንት ቦታውን ልለካ ስወጣ ጥበቃው ሊከለክለኝ ሞክሮ ነበር፤ ረቂቁን ካነበበው በኋላ ግን መሰላሉን ያዘልኝ። የአራተኛው ቁጥር መሰረዝ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው።

ጊዜዎን ሰውተው እስከዚህ ድረስ ያነበቡልኝ ከሆነ አመሰግናለሁ፤ ካላነበቡም ሰልፈኛው ያነበዋልና እሱን አመሰግናለሁ።

በታላቅ አክብሮት፣ እጅ በመንሣት፣ ግን ከቦታዬ ንቅንቅ ባለማለት፣
ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው ሬዲዮ ጠጋኝ፤
መድኃኒት ሳይደረግብኝ፣ በገዛ ፈቃዴ፣ የዚያች ሴት ባል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ከፈረምኩ በኋላ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ከወጌሻው የሚለየኝ ግድግዳ ስስ ጣውላ ነው ብዬዎት ነበር። በቀደም አመሻሽ ላይ አንድ የተከበሩ ሰው፣ ነጭ ጋዋናቸውን ጠቅልለው ብብታቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ ወገባቸውን ይዘው ወደ እሱ ገቡ። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ እርስዎም አይጠይቁኝ። ወጌሻውም የራሱ ደንብ አለውና «ጌታዬ፣ የሐኪም ቤት መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ አላሽዎትም» አላቸው። እሳቸውም «እኔ? በጭራሽ!» አሉ። የባለቤቴ ድምፅ መስሎኝ ከወንበሬ ተነሣሁ። ከዚያ ኮታቸውን በእኔ በኩል ባለው ግድግዳ ሚስማር ላይ ሲሰቅሉት፣ ከኪሳቸው የክኒን ብልቃጥ ተንኳኳ። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የእሳቸው ገና ሙሉ ነው። ሰውየውን ካገኟቸው፣ ለወጌሻው እውነቱን እንዲነግሩት ይምከሩልኝ። አይቆጣም በሏቸው።