ኮምጣጤ የሆነው ቀይ ወይን

ኦታቪዮ፣
በመጀመሪያው አውቶቡስ ወደ አልባ ከተማ ወርጃለሁ።
ቡፌው ላይ ያቆምኩትን ጠርሙስ እንዳትነካው፣ አተላው ገና አልዘቀጠም። አይቡን ከድመቷ ጠብቅ።

የትናንቱ ቀይ ወይን ሃያ ዓመት ምድር ቤት ተኝቶ ኮምጣጤ ሆኗል። አንተ ግን "ጽጌረዳ ጽጌረዳ ይሸታል" ብለህ ጨለጥከው። እኔም አብሬህ ጠጣሁት፤ ሆዴ እስካሁን ይጮሃል።
ከዚያ ከክረምቱ ጉንፋን ወዲህ ምንም እንደማይሸትህ መቼ ልትነግረኝ ነበር?

ደህና እደር ሳልልህ የገባሁት ተናድጄብህ አይደለም።

የአፍንጫ ሐኪሙ ቤት ስልክ አያነሱም፤ ራሴ ሄጄ ቀጠሮ ልይዝልህ ነው። አትነጫነጭ፣ ሸሚዝህን ተኩሼልሃለሁ።

ማታ ጠርሙሱን እንከፍታለን። እኔ እያሸተትኩ ምን ምን እንደሚል እነግርሃለሁ።
አንተ እንደ ልማድህ "ተሳስተሃል" እያልክ ተከራከረኝ።

ሬሞ