ስለ ተዘጋው የመደርደሪያ ክፍል

ለተከበሩ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ኮሌጅ ዲን፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ ደረጃ መውጣት እንዳያደክምዎ ቢሮዎ ወደ ቀድሞው የመደርደሪያ መለማመጃ ክፍላችን በመዛወሩ የተሰማኝን ደስታ እገልጻለሁ። እኔ ኮሌጁ ያስተማረኝ ጡረተኛ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ፣ አምና በማዕረግ ያስመረቃችኋት ልጅም አባት ነኝ።

አንደኛ፣ የሁለት ዓመቱን ትምህርት ወደ ስድስት ወር በማሳጠርዎ አመሰግናለሁ። በእኛ ጊዜ መምህራችን አንድ መጽሐፍ ያለ ቦታው ይሸጉጡና፣ እስክናገኘው ድረስ መደርደሪያውን ከዳር እስከ ዳር በጣታችን እየነካን ያስነብቡን ነበር። የዛሬ ተማሪዎቻችሁ ከዚያ አቧራ ድነዋል፤ መደርደሪያ የሚያውቁት በፎቶግራፍ ነው።

ሁለተኛ፣ ልጄ ሥራ በጀመረች ሰሞን አንዲት አዋላጅ ነርስ ለፈተና የምታነበውን መጽሐፍ ጠየቀቻት። ኮምፒዩተሩ «መጽሐፉ አለ» አለ፤ ልጄ ግን አዳራሹን ስትዞር ውላ ባዶ እጇን ተመለሰች። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዲሉ ነው። በነጋታውም፣ በሳምንቱም ያው ሆነ። አንድ ቀን እያለቀሰች ገብታ፣ «አባዬ፣ አለ ይላል እኮ፤ የት ሄጄ ልፈልገው?» አለችኝ። እኔ ላስተምርሽ ብላት፣ «አሁንማ ምን ዋጋ አለው» ብላ ሥራዋን ለቀቀች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከዚህ ሙያ ሌላ የተመኘችው አልነበረም። አዝኛለሁ፤ ይህንን በጨዋ ቃል የምሸፍንበት ብልሃት አጣሁ።

ሦስተኛ፣ መደርደሪያዎቻችን በቢሮዎ ዋንጫና የአበባ ማስቀመጫ ተሸክመው በማየቴ ተጽናንቻለሁ፤ እነሱ እንኳ ሥራ አልፈቱም።

አራተኛም ነበረኝ፤ ሦስቱን የሚሰማ በሌለበት አራተኛውን መጨመር ከንቱ ድካም ይሆንብኛል። ቅዳሜ ቅዳሜ በነጻ ላስተምር ብዬ ሁለት ጊዜ አመልክቼ ጆሮ ዳባ ልበስ ተብዬአለሁ። ዛሬም የምጽፈው ተስፋ ኖሮኝ ሳይሆን ዝም ማለት ስላቃተኝ ነው።

በዋንጫዎችዎ መካከል ረጅም ዕድሜ እየተመኘሁልዎ፣ ለጥ ብዬ እጅ በመንሣት እሰናበታለሁ።

የኮሌጁ ታዛዥ የቀድሞ ተማሪ፣ የአንዲት ሥራ ፈት ባለማዕረግ አባት

ማሳሰቢያ፦ ማመልከቻዎቼ የት ደረሱ ብዬ መዝገብ ቤታችሁን ጠይቄ ነበር። የልጄ የክፍል ጓደኛ የነበረው ትሑት ወጣት ኮምፒዩተሩን አየ፣ ቁም ሳጥኖቹን ሁሉ ከፍቶ ዘጋ፣ ከዚያም አንገቱን ደፍቶ፣ «አባባ፣ አለ ይላል እኮ» አለኝ። ይህኛውን ደብዳቤ በጋዜጣ ያወጣሁት ለዚህ ነው።