የዘይነባ ቤትና የእኛ ማኅተም

ሰኞ፣ የካቲት 1 ቀን 1974

ውሳኔያችን ተሻረ። ከፈረቃ ወጥቼ የጥጥ ብናኙን ከጸጉሬ ሳላራግፍ የቀበሌው ፍርድ ሸንጎ ጸሐፊ ንጉሤ ደብዳቤውን ይዞ ቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ። «መጀመሪያ ተቀመጥ» አለኝ። ተቀመጥሁ።

ይግባኝ ሰሚው ሸንጎ የሚለው ይህን ነው፦ የቀበሌ ቤት ጉዳይ የእናንተ ነው፤ የሙስሊም ባልና ሚስት ፍቺ ግን የቃዲው ፍርድ ቤት ነው። እኛ የቀበሌው ዳኞች ቤቱ ለባለጉዳይዋ ለዘይነባ እንዲሆን ስንወስን «ፍቺው ጸድቋል» ብለን ጽፈናል። ማን ጻፈው? እኔ። ከእንቅልፌ ጋር እየታገልሁ፣ ወረቀቱ የተሟላ እንዲመስል ብዬ ጨመርሁት። ማንም አልጠየቀኝም።

ጉዳዩ ቅዳሜ እንደገና ይታያል። እስከዚያ ዘይነባ የፍቺ ወረቀት ካላመጣች ቤቱ በባሏ በሰይድ ስም እንዳለ ይቆያል። እሱ ወረታ ሌላ ትዳር ይዞ ቤቱን ለወንድሙ ሊሰጥ ነው። እሷና ሦስት ልጆቿ ወዴት ይሂዱ? ደብዳቤው ስለዚህ ምንም አይልም።

ማክሰኞ፣ የካቲት 2

ቅመም ከምትሸጥበት ገበያ ሄጄ ለዘይነባ ነገርኋት። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። «ጓድ ዳኛ፣ ሦስት ወር ሙሉ ያንን ማኅተም አምኜ ነው የተኛሁት» አለችኝና ኮረሪማዋን መልቀም ቀጠለች። አፈርሁ።

ዳኛ ትለኛለች። እኔ የሽመና ክፍል ሠራተኛ ነኝ። በስብሰባ እጅ ወጣልኝና ተመረጥሁ፤ ማንም ሕግ አላስተማረኝም። ደክሞኛል።

አቋራጭ ቢገኝ ብዬ አውራጃ ፍርድ ቤት ጎራ አልሁ። የመዝገብ ቤቱ ሰው ሳቀብኝ። ሲያስረዳኝ በሲጋራ ወረቀት ላይ ጻፍሁት፦

የቀበሌ ቤት፦ እኛ፣ ከዚያ ይግባኝ ሰሚው ሸንጎ።
የሙስሊም ትዳር፦ ቃዲው።
የገጠር መሬት፦ የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎ።
ከበድ ያለው ሌላው ሁሉ፦ አውራጃ፣ ከዚያም ወደ ላይ።

አራት መስመር ናት። ይህችን ሳላውቅ ዓመት ሙሉ ስፈርድ ኖርሁ።

ረቡዕ፣ የካቲት 3

ዘይነባ ቃዲው ዘንድ ቀረበች። ንጉሤ «ዳኛ ባለጉዳይ ተከትሎ ሲሄድ ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ልክ ነው። ደብዳቤውን ብቻ ላድርስ ብዬ ሄድሁ።

ቃዲው ሽማግሌ ናቸው። ከደብዳቤው ጋር የተያያዘውን የተሻረ ውሳኔያችንን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡና «እናንተ ፈታችኋታላ! ለእኔ ምን ተረፈኝ?» አሉኝ። የምገባበት ጠፋኝ።

ሰይድ «ፈትቻታለሁ» ሲል የሰሙ ሁለት ምስክሮች ይቅረቡ አሉ። አንዱ የዘይነባ ጎረቤት ነው፤ እሱ እዚሁ አለ። ሌላው ጀልባ ነጂው እንድሪስ ዘጌ ቡና ሊጭን ሄዷል። ነገ ይመለሳል ተብሏል።

ሐሙስ፣ የካቲት 4

እንድሪስ አልመጣም። ሐይቁ ተቆጥቷል።

ከሥራ በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል የውይይት ክበብ ተቀመጥን። ዓይኔ ተከደነ፤ አጠገቤ ያለው ጓድ በክርኑ ጎሸመኝ። ከዚያ ወደ ወደቡ ወረድሁ። ዘይነባ ቀድማኝ ቆማለች፤ ነጠላዋን ነፋሱ ይጎትተዋል። ፀሐይ እስክትጠልቅ ቆምን። ይቅርታ ልላት አስቤ አልወጣልኝም።

ዓርብ፣ የካቲት 5

መጣ! ረፋድ ላይ ደረሰ። በጁምዓ አይሰሙም ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር፤ ቃዲው ግን ከሶላት በኋላ ሁለቱንም ሰሟቸው። እኔ ማሽን ላይ ነበርሁ። ዘይነባ ወረቀቱን ልታሳየኝ ፋብሪካው በር ድረስ መጣች።

«ተፈታሁ» አለችኝ፤ «እናንተ ደግሞ ዳግመኛ እንዳትፈቱኝ!»

በሳምንቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅሁ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 6

ሰይድ ከወንድሙ ጋር መጣ። «ሚስቴ ናት፣ ወረታ እወስዳታለሁ» አለ። የቃዲውን ወረቀት አነበብንለት። ሦስታችንም ዳኞች ተስማማን። ጻፍሁ፦ «በመኖሪያነት የያዘችው የቀበሌ ቤት በወይዘሮ ዘይነባ ስም ይዛወር።» ብዕሬ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደ። ንጉሤ እጄን ያዘኝ። «በቃ» አለኝ። ማኅተሙን መታ።

ሰይድ ይግባኝ እላለሁ ብሎ ወጣ። መብቱ ነው።

ዘይነባ ፊደል የለየችው ዘንድሮ በመሠረተ ትምህርት ነው። ወረቀቱን በጣቷ እየተከተለች ራሷ አነበበችው። ስትጨርስ ቀና አለች።

«ትርፍ ነገር አለበት?»

«የለበትም» አልኋት።

አጣጥፋ መቀነቷ ውስጥ ከተተችውና ሄደች። እኔ ግን ከመዝገቡ ላይ ቅጂውን አወጣሁት። አንድ መስመር ነው። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። የለበትም።