ወንድሜ መሬቱን እንዳይመታ ስለተከለከለበት የፊልም መክፈቻ

ጎማ፣ እንዳትስቅብኝ። ለዳይሬክተርህ ደብዳቤ እየጻፍኩ ነው፤ ያውም በ«እርስዎ»። ባነብልህ «ተወው ባክህ፣ ሰውዬው ሥራው ነው» እንደምትለኝ ስለማውቅ አላነብልህም። አንተ ጋደም በል፣ እኔ ልጨርስ።

ለተከበሩ የፊልም ዳይሬክተራችን፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ነው? አንገትዎ ደህና ነው? የጎድን አጥንቶችዎስ በየቦታቸው አሉ? ሰሞኑን እኛ ቤት የምናወራው ስለ አጥንት ብቻ ስለሆነ ነው እንጂ በክፋት አይደለም።

ባለፈው ዓመት ትምህርት ቤታችን መጥተው ፊልም እንዴት እንደሚከፈት ካስተማሯቸው ልጆች አንዱ ነኝ። ተመልካቹ ገና ወንበሩን እየፈለገ፣ ፈንዲሻውን እየቆረጠመ፣ ስልኩን እየነካካ ስለሆነ በመጀመሪያው ደቂቃ ማጅራቱን ካልያዛችሁት አመለጣችሁ ብለውናል። «ፊልም በሰላምታ አይከፈትም፤ በጥፊ ነው የሚከፈተው» ሲሉ አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። እኔማ መዳፌ እስኪቀላ ነበር። በዋናው ተዋናይ ፈንታ ጥፊውን የሚቀበለው፣ ከደረጃ የሚንከባለለው፣ ወድቆ ስለሚነጥር ሠራተኞችዎ «ጎማ» ያሉት ታላቅ ወንድሜ ነዋ። አሁን ያ ትምህርት በተግባር ሲውል ስላየሁ፣ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ። የቀረጻውን ዕለት የነገሩኝ ቀብሩ ላይ ዐይኔን ማየት ያቃታቸው ሠራተኞችዎ ናቸው።

አንደኛ፤ ስለ ካርቶኖቹ አመሰግናለሁ። ወንድሜ ከሁለተኛ ፎቅ መስኮት መስታወቱን ሰብሮ ሲወድቅ የሚቀበሉትን ባዶ ካርቶኖች ራሱ ደርድሯቸው ነበር። እርስዎ በካሜራው ካዩ በኋላ «ጫፋቸው ምስሉን አቆሸሸው» በማለትዎ ካርቶኖቹ ወደ ግድግዳው ተጠጉ። ምስሉ በእርግጥም ንጹሕ ሆኗል። የቆሸሸው ሲሚንቶው ብቻ ነው፤ እሱንም ጥበቃው በባልዲ አጥቦታል።

ሁለተኛ፤ ስለ መዳፉ። ጎማ በወደቀ ቁጥር መሬቱን በመዳፉ መታ መታ ያደርጋል። «አለሁ» ማለቱ ነው። መዳፉ ካልተሰማ ማንም ትእዛዝ አይጠብቅም፤ ምግብ አቅራቢዋ ሳትቀር ትሮጣለች። እርስዎ ግን በልምምዱ ላይ «የሞተ ሰው መሬት ይመታል እንዴ? ልታስቅብኝ ነው?» ብለው ምልክቱን ከለከሉት፤ «ከት» ብዬ ቀረጻውን ከማስቆሜ በፊት አንዲት ጣትህ ብትነቃነቅ እንደገና ትወድቃታለህ አሉት። እሱም «እሺ ጋሼ፣ ድንጋይ እሆንልሃለሁ» አለዎት። ቃሉን የሚያጥፍ ልጅ አይደለም።

ሦስተኛ፤ ስለ ትዕግሥትዎ። መስታወቱ ተሰብሮ፣ ወንድሜ በአንገቱ ሲሚንቶው ላይ አርፎ፣ ደሙ ከጆሮው ወጥቶ በስብርባሪው መሀል እየተጥመለመለ ወደ ካሜራው ሲመጣ እርስዎ «ከት» አላሉም። ካሜራማኑ ቀና ብሎ ሲያይዎት በእጅዎ «ቀጥል» አሉት። ሜካፕ የምትሠራው ልጅ «ይሄን ያህል ቀለም አላዘጋጀሁም!» ብላ ስትጮህ «ዝም በይ፣ ድምፅ እየቀዳን ነው» አሏት። ሁሉም ጎማ ድንጋይ የሆነላቸው መስሏቸው በአድናቆት ቆመው ነበር። እኔ እስካሁን የምጠይቀው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ ውስጥ ወንድሜ መዳፉን ሊያነሳ ሞክሮ ይሆን ወይስ «ጋሼ ይቆጣኛል» ብሎ ትቶት ይሆን የሚለውን ነው። እርስዎ በቅርብ ስለነበሩ ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

አራተኛ፤ ያንኑ ምስል ሳያሳጥሩ የፊልምዎ መክፈቻ ስላደረጉት። ማን እንዳሳየኝ አይጠይቁኝ። ርዕሱ በወንድሜ ደም ላይ በነጭ ፊደል ይወጣል። የልጅቷን ጩኸት ቆርጠው ዋሽንት አስገብተውበታል። በሬዲዮም «በዘመኔ እንዲህ ያለ ትወና አላየሁም፤ ዐይኑን እንኳ አላርገበገበም» ሲሉ ሰማሁዎት። የትምህርትዎን ውጤት ለማወቅ ከፈለጉ፣ እኔ ተመልካቹ ማጅራቴን ተይዤያለሁ፤ ያሳየኝን ሰው ወንበርም ሰብሬበታለሁ።

አሁን ወደ ልመናዬ ልምጣ። ለፊልሙ ምረቃ የላኩልንን የጥሪ ካርድ እናቴ መስታወቷ ጥግ ላይ ሰክታዋለች። ልጇ ሲሮጥና ሲስቅ የምታይ መስሏት ቀሚስ እያስጠበበች ነው፤ ከቀብሩ ወዲህ ሰውነቷ አልቋል። ከፊት መስመር ወንበር እንደያዙላትም ነግረዋታል፤ እግዚአብሔር ይስጥልን። እባክዎ ከምረቃው በፊት ያን ምስል ቆርጠው ያውጡት። እኔ ፊልሙ ውስጥ ምን እንዳለ ልነግራት አልቻልኩም፤ አፌን ስከፍት «ወንድምህን ልታየው አትፈልግም?» ትለኛለች።

ሌላ መክፈቻ ካጡ ደግሞ እርስዎው መስኮቱ ላይ ይውጡና እኔ ልግፋዎት። ካርቶኖቹንም እደረድርልዎታለሁ፤ ጫፋቸው በምስሉ ከታየ ግን ምን እንደሚደረግ ከእርስዎ ተምሬያለሁ።

ማጅራት መያዝን ያስተማሩኝ፣ የእርስዎንም ለመያዝ ዘወትር የምመኝ፣ ታዛዥ ተማሪዎ፤

የጎማ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ጎማ በየጠዋቱ ከላይኛው አልጋ ሆን ብሎ ይወድቅና ወለሉን መታ መታ ያደርግ ነበር። እናቴም ከጓዳ «አንተ የማትረባ፣ ቤቱን አፈረስከው!» ትለዋለች፤ ቀናችን የሚከፈተው እንዲያ ነበር። በቀበርነው ማግስት ብቻዬን ነቃሁ። የእሱ አልጋ ላይ ወጣሁና ራሴን ወደ ወለሉ ወረወርኩ፤ ከንፈሬ ተተረተረ፣ አፌ ደም ሞላ። መዳፌን ግን አላነሳሁም። ሰው እንደዚያ ወድቆ ሲያዩት እስከ መቼ ቆሞ መጠበቅ እንደሚቻል ማወቅ ፈልጌ ነበር። ሳላውቀው ቀረሁ። እናቴ እጇ ላይ ሳሙና እንዳለ፣ በሩን በትከሻዋ ገንጥላ ገብታ ነበር።